ከዜሮ በታች

ጥር ነው በኩህሞ። ዘጠኝ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ
ፀሐይ ጓዟን ጠቅልላ ገብታለች ከጥዱ ኋላ።
ከመሥሪያ ቤቴ መስኮት ሥር የመጻሕፍት አውቶብሱ ቆሟል፤
ሞተሩ በብርድ እንዳይሞት ገመድ ከግድግዳው ስቧል፤
እንደ ጥጃ ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲጠባ ያድራል።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ቃል፦ «ናፍጣው ይቀነስ በሩብ።
መንገዱን አንቺ ፈልጊ፣ ኢርመሊ፤ ኮምፒውተርሽ ያስብ።»

እኔም ለቤተ መጻሕፍት ሌላ ቤተ መጻሕፍት ጠራሁ፤
ያኛው ልቦለድ ይጭናል፤ ይሄኛውን ከመረብ አወረድሁ፤
ሰው አስቦ የጨረሰውን በአንድ መስመር የምዋሰው ነው፤
የመመለሻ ቀን አያትምም፤ ላዘገየም ቅጣት የለው።

ሰማንያ ሦስቱ መቆሚያ ሰማንያ ሦስት ነጥብ ሆነ፤
ሐይቁ፣ ረግረጉ፣ ጥዱ፣ ከስክሪኔ ላይ ተነነ።
ከነጥብ ነጥብ መስመር ብቻ፤ በየመስመሩ ላይ ክብደት፦
ስንት ኪሎሜትር እንደሆነ የአንዱ ከአንዱ ርቀት።

ጠየቅሁት። ዓይኔን ሳልከድን መልሱን ዘረገፈው፦
ሁሉን ደጅ ከዞርሽ፣ ከናፍጣው ስምንተኛው ነው የሚተርፈው፤
ሰባ አንድን ከተውሽ ግን፣ ሩብ።
ሰባ አንድ፦ ከሐይቁ ማዶ፣ ከዳር፣ በአንድ ክር የተንጠለጠለች።
እንዲህ ያለውን ክር ቤተ መጻሕፍቱ «ድልድይ» ይለዋል፤
ከቆረጡት መረቡ ለሁለት ይለያል።
ጣቴ መሰረዣው ላይ ነበር።

ታይስቶ ገባ፤ የጫማውን በረዶ ደፉ ላይ አራገፈ።
ቃሉን እንደ ናፍጣ ቆጥቦ ሠላሳ ዓመት ያሳለፈ
ሹፌር ነው። ስክሪኑን አየና፣ «ይቺ የኦይቫ ቤት ናት» አለ።
«አሥራ ዘጠኝ ኪሎሜትር ለአንድ ሽማግሌ!» አልሁት።
«ለአንድ ሽማግሌ። ፊደሉ የገዘፈ ካልሆነ አያነብም፤
መጨረሻው ያልጣመውን መጽሐፍ እንዲሁ አይመልስም፦
በር ላይ አቁሞኝ፣ ከራሱ ሌላ መጨረሻ ይሰጠዋል።
ስሄድ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ስመለስ ማን ይቆጥረዋል?
ያ መንገድ አይበላኝም፣ ኢርመሊ። ያጎርሰኛል።»

ብቻዬን ስቀር፣ አሥራ ዘጠኝን ከመስመሩ አጥፍቼ
ከዜሮ በታች ሁለት አልሁ፣ የሹፌሩን ቃል ሰምቼ።
በቀይ ጮኸብኝ፦ «ክብደት ከዜሮ በታች አይሆንም!»
(ከመስኮቱ ውጭ ቴርሞሜትሩ
ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነው፤ እሱን የሚቆጣው የለም።)

ከመደርደሪያው ሌላ ቀመር አወረድሁ፤ ዘገምተኛ፣
የሚያጎርስ መንገድ ይገባዋል የተባለለት፣ ትዕግሥተኛ።
አሰበ፤ አሰበ፤ ከዚያም፦
«ማብቂያ የሌለው ዙር ተገኘ።
አጭር መንገድ የለም።»

ቆይቶ ገባኝ። ሂድ፣ ተመለስ፤ ደግሞ ሂድ፣ ደግሞ ተመለስ፤
በተመላለስህ ቁጥር ትርፍ ከሆነ፣ መቼ ልትጨርስ?
ታይስቶ በዚህ ስሌት ከኦይቫ ደጅ አይወጣም፤
ሰማንያ ሁለት በር ይጠብቃል፤ አውቶብሱ አይመጣም።

እንግዲህ አሥራ ዘጠኝን በቦታው መልሼ ጻፍሁ።
ክብደቱ ውሸት አልነበረም፤ እኔ ነኝ ላቀለው የሞከርሁ።
ለማዘጋጃ ቤቱም፦ «ስምንተኛ። ከዚያ በላይ አልቻልሁ።»

ሲነጋ፣ ነጋ ከተባለ፣ ታይስቶ ገመዱን ነቀለ፤
አውቶብሱ ሳለ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ነጭ ጭስ በጀርባው አዘለ፤
ቀይ መብራቱ ከሐይቁ ዳር ወደ ሰባ አንድ ታጠፈ።
ከሹፌሩ አጠገብ፣ በወንበሩ ላይ፣ ፊደሉ የገዘፈ
አንድ መጽሐፍ ተቀምጧል።
መጨረሻውን አይቼዋለሁ።
አይጥመውም።